ባዶው ሚስማር

«እውነት እናትሽ እምቢ አለች?»

አክስቷ ስትጠይቃት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሃያ ሦስት ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ መሃል ላይ አንድ ሚስማር ባዶውን ቀርቷል።

«እምቢ አለች አልኩሽ እኮ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል።

አክስቷ ዶክመንተሪ ፎቶ አንሺ ናት፤ የሰውን ኑሮ እንዳለ፣ ሳታሳምር የምታነሳ። አንድ የማትሽረው ሕግ አላት፤ የተነሳው ሰው ፎቶውን አይቶ ከጀርባው ካልፈረመ አይሰቀልም። ባለፈው ሳምንት ባዶው ሚስማር ላይ የሚሰቀለውን ፎቶ ለእህቷ ልጅ ሰጥታ፣ እናትሽን አስፈርሚልኝ ብላት ነበር።

ፎቶው ላይ እናቷ በምትሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ፊቷ በእንፋሎት ወዝቶ፣ አንሶላ ትተኩሳለች። ልጅቷ ደግሞ ትምህርት ቤት እናቴ ነርስ ናት ካለች ሁለት ዓመቷ። ነገ የክፍሏ ተማሪዎች በሙሉ ኤግዚቢሽኑን ሊያዩ ይመጣሉ። «ሬዲዮ» የሚሏት ልጅም አለችበት፤ እሷ ያየችውን ግቢው በሙሉ ከምሳ በፊት ይሰማዋል። ስለዚህ ፎቶው ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሒሳብ ደብተሯ መሃል ተቀምጧል። እናቷ ጭራሽ አላየችውም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን እያደር ከበዳት።

በሩ ሲከፈት ክው አለች። እናቷ ከሥራ በቀጥታ መጥታለች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች፣ የእህቷን የመጀመሪያ ካሜራ ከደሞዟ እንዴት እንደገዛችላት፣ ይቺ ጉድ የምታነሳው ስታጣ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ እንዴት ስትንከራተት ትውል እንደነበር እየሳቀች አወራች። ሚስማሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህስ ማን ነው የሚሰቀለው?»

አክስት እህቷን አየቻት፤ ቀጥሎ ልጅቷን። ልጅቷ እንደዋሸቻት ገባት። ፊቷን ወደ ሚስማሩ መለሰች።

እናት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ እኮ አንዷ የኔ ትሆናለች ብዬ ነበር። ግድ የለም፣ በእንፋሎት ያበጠ ፊት ማን ሊያይ ይመጣል?» አለችና እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከተተቻቸው።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች።

«እማዬ፣ ፎቶሽን ያስቀረችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

እናቷ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። ብዕር ተውሳ፣ ገልብጣ፣ ስሟን ቀስ ብላ ፈረመች።

አክስት ፎቶውን ሰቀለችና የነገውን የአስተናጋጆች ዝርዝር አወጣች። «አንቺ በር ላይ ነው የመደብኩሽ፣ አይደል?»

«በሩን ሌላ ሰው ይያዘው» አለች ልጅቷ፣ የተዛነፈውን የእናቷን ፎቶ እያቃናች። «እኔ እዚህ ነው የምቆመው።»