በአባቴ ስም የጠራኝ ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ «ሂድ ወደዚያ፣ ሳትበላ ውለህ ነው» ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ አማኑኤል ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ፣ ጨለማም ሙትም ፈርቼ አላውቅም፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ፈጠራ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ደግሞ ከፈራሁት ይልቅ የተናደድኩት ይበልጣል።

መርካቶ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሥራዬ መጻሕፍት መመዝገብ ነው። ድሮ ካርድ ላይ በእጃችን እንጽፍ ነበር፣ ደራሲው ሸምሱ ሙዘይን ከሆነ ሸምሱ ሙዘይን፣ አለቀ። ዘንድሮ ኮምፒውተር መጣና አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ፍሰሐ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲያ የአማርኛው መጽሐፍ ሁሉ በላቲን ፊደል ይመዝገብ ተባለ፣ የርዕሱ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ትልቅ ይሁን፣ የደራሲው የአባት ስም ይቅደም፣ እሱም ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ ፊደል ይጻፍ ተባለ። እስቲ አስቡት፣ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለው፣ ሀ ያው ሀ ነው! ሙዘይን የሚባሉት አባት አንድ መስመር ሳይጽፉ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ሲሉ፣ መጽሐፉን የጻፈው ልጃቸው ከኮማ በኋላ ተኮራምቶ ይቀመጣል።

«አቶ ፍሰሐ፣ እኔን ማን ብለው ነው የሚጠሩኝ?» አልኩት።

«እትዬ የሺ።»

«ደምሴ ብለው ጠርተውኝ ያውቃሉ?»

«ኧረ እሱማ አባትዎ ናቸው። ግን ሲስተሙ ነው እትዬ፣ ስታንዳርድ ነው።»

ሲስተሙ! ተናድጄ፣ ተጨቃጭቄ፣ በመጨረሻ ግን እንጀራዬ ነውና መዘገብኩ፣ ይኼን አልክድም፣ በዚህችው እጄ ነው የገለበጥኩት።

ጋሽ ሸምሱ ሸማ ተራ ነጠላ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ስለ ጥለት ዓይነቶች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጽፈው ነበር፣ አምና አረፉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ረምላ መጣች። ቤት የነበረውን ቅጂ የጣሪያ ፍሳሽ አበላሽቶባቸው የቀረው የእኛው ብቻ ነው። «እትዬ የሺ፣ እናቴ ታማለች፣ ሳታየው እንዳትሄድብኝ፣ እባክዎ» አለችኝ። ሸምሱ ብላ ብትፈልግ ኮምፒውተሩ የለም አላት። እኔ ሙዘይን ብዬ አገኘሁትና ወደ አዲሱ ቦታው፣ ወደ መ መደርደሪያ ሄድኩ፣ መጽሐፉ የለም። ልጅቷ ዓይኗ እንባ እያቀረረ «ከሰዓት እመለሳለሁ» ብላ ወጣች፣ ያኔ ያፈርኩትን እፍረት እኔ ነኝ የማውቀው።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፌ ብቻዬን ፍለጋዬን ቀጠልኩ፣ መብራትም ጠፍቷል። ከምን አለሽ ተራ የሚመጣው የቆርቆሮ ቅጥቀጣ ጆሮ ይበጥሳል፣ የለመድነው ነው። ድንገት ቀጥ አለ። እመኑኝ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ቅዳሜ ቀን ሲቆም ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ የአዲስ ነጠላ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎም ከመደርደሪያዎቹ መሃል ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ።

«ደምሴ!»

ታች መንገድ ላይ ሰው ደምሴ የሚባል ወዛደር የሚጠራ መሰለኝና መስኮቱን ዘጋሁ።

«ደምሴ!» አሁን ቀረብ ብሎ ነው።

እሳት ሆኜ «እኔ የሺ ነኝ! ደምሴ አባቴ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ፣ ጋሽ ሸምሱ ልክ እኔ እንደመዘገብኳቸው አድርገው ነበር የሚጠሩኝ።

ድምፁ ለሦስተኛ ጊዜ «ደምሴ!» አለ፣ ይኼኔ ከጥግ በኩል ሌላ ድምፅ መለሰ፣

«አቤት፣ መጣሁ!»

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ደንበኛ በጠራው ቁጥር ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል እንዲሁ ነበር የሚለው። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ቅጥቀጣው ተመለሰ። መጽሐፏ ሸ መደርደሪያ ላይ፣ እኔው ራሴ ካነሳኋት ቦታ ተቀምጣለች፣ ጠዋት ሦስት ጊዜ አይቼ ያጣሁባት ቦታ ነው። ረምላ ወሰደቻት፣ እናቷም አዩዋት። እኔ መዝገቡን አቃንቼ ሸምሱን አስቀደምኩ፣ ሰኞ ግን አቶ ፍሰሐ መልሶ ገለበጠው፣ «ሲስተሙ አይቀበልም» ብሎ!

ምን ልበላችሁ፣ ያጠፋሁት እኔ፣ የተጠራው አባቴ። እናቴ አሁንም ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። መጣሁ ብሏል፣ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም፣ እና የቤታችን በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴን ቀድሜ እየሮጥኩ የምከፍተው እኔ ነኝ።