ብረቷ ያሏት ሴት

በዚያ ዘመን ጋዜጠኞች ጠንካራ ሰው ሲገጥማቸው የሚያወጡለት ስም ከብረትና ከአለት አያልፍም ነበር። ሴት ስትሆን ደግሞ «ወንድ ናት» ብለው ይጽፉና ያሞገሷት ይመስላቸዋል።

እሷ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ለከተማው ምክር ቤት ስትመረጥ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። በወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች የሚያስፈርሰው ሐሳብ ሲቀርብ ግን ብቻዋን ተነሥታ ተከራከረች። ጮኹባት፤ ሳቁባት፤ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ስብሰባው ሲበተን በኋላው ደረጃ ወረደች። መሐል ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኅቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

ቀና ብትል፣ ከጋዜጠኞቹ መካከል ሆኖ ሲጽፍ ያየችው ከሲታ ወጣት ነው።

«አላመመኝም፤ ፈርቼ ነው። ልትጽፈው ነው?»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ከእሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። እንባዋ እስኪደርቅ ድረስ ዞሮ አላያትም። ያን ዝምታውን ወደደችለት።

በማግስቱ ጋዜጣው «እንባ የማያውቃት ብረቷ ሴት» ብሎ ወጣ። ለወጣቱ ደውላ ሳቀችበት።

«ምነው፣ እንዲህ ይዋሻል?»

«ዋና አዘጋጁ እንዲህ ካልሆነ አላወጣም አለ። ደግሞ… ለአንቺም የሚበጅሽ መስሎኝ ነው።»

ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ ስትወጣ በሆስፒታሉ አጥር ጥግ ይጠብቃታል። በእግራቸው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል።

ስሙ ግን ተጣባት። ጎረቤቱም ሹሙም «ብረቷ» ይላታል። ትኩሳት ሲይዛት እንኳ ከስብሰባ ለመቅረት እያፈረች ሄደች። እናቷ «እኔ የወለድኩት ሰው ነው፤ ይህን ብረት ከየት አመጡብኝ?» ይላሉ።

አባቷ በድንገት አረፉ። በቀብሩ ላይ ፎቶ አንሺዎች ከበዋት ስለነበር ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። እሱም ከእነሱ ጋር ነበር። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አቀረቀረ።

ጋዜጣው «በአባቷ መቃብር ላይም አልተበገረችም» አለ። አንብባ ስትጨርስ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደች። በዚያ የታይፕ ጋጋታ መሐል ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«አንተም?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ያላየኸውንስ አታውቀውም ነበር?»

ዓይኑን ወደ ታይፑ መለሰ። እሷም ዞራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከሆስፒታሉ የምትወጣው በሌላኛው በር ነበር።

ከወራት በኋላ የቤቶቹ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶበት ተሸነፈች። እሷ ያዋለደቻቸው የወንዝ ዳር እናቶች ከኋላ ተደርድረው ያዩዋታል። የመጨረሻ ቃሏን ልትናገር ስትነሣ እንባዋ መጣ። የካሜራው ብልጭታ ተከታተለባት።

«ብረቷ ቀለጠች!» አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ፊቷን አልሸፈነችም።

«አዎ፣ አለቅሳለሁ» አለች። «ነገ ሜዳ ላይ የሚወድቁት እኮ ሰዎች ናቸው።»

ተቀመጠች። ወዲያው አጠገቧ ያለው ባዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች። እሱ ነው፤ የጋዜጠኞቹን መከለያ አልፎ መጥቷል።

«ጋዜጠኛ እዚህ አይቀመጥም!» ሲል ጥበቃው ተቆጣ።

«ጋዜጠኛ ሆኜ አይደለም የመጣሁት» አለና ወደ እሷ ዞረ። ያን እንባ ያራሰውን ፊቷን በሰው ሁሉ ፊት አተኩሮ አየው። «ይቅር በይኝ።»

እጁን በእጇ ላይ አኖረ። እሷም እጇን አልሳበችም።

ቤቶቹ ፈረሱ። በቀጣዩ ምርጫ አልተመረጠችም፤ እሱንም ከሥራ አሰናበቱት። እሷ ወደ ማዋለጃ ክፍሏ ተመለሰች። ሌሊት ሙሉ ምጥ ስትጠብቅ አድራ ትገባለች፤ ማልቀስ ሲያምራት ታለቅሳለች፤ ስትታመምም አሞኛል ትላለች።

አንድ እሑድ አጎቱን አስከትሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የእናቷን በር አንኳኳ። እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«የየትኛው ጋዜጣ ነህ?»

«የየትኛውም አይደለሁም፣ እማማ። የመጣሁት ልጅዎን ልለምን ነው።»

እማማ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«እንግዲያውስ ግቡ፤ እሷም ከጓዳ ቆማ እየሰማችን ነው።»