ብሬከሩ ጋ የቆመው ሰው

ናፍቆት ኤሌክትሪክ ትፈራለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እንጀራዋ ነውና።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የምትሠራበት ድርጅት ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ላካት። ሓወልቲ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ሁለት ፎቅ ጨምሮ ስለነበር፣ የእሳት ማንቂያው መቆጣጠሪያ ሳጥን አዲሶቹን ክፍሎች አያውቃቸውም። ፕሮግራሙን ማደስ፣ የኃይል መስጫውን መቀየርና የየክፍሉን ጭስ ጠቋሚ መመዝገብ የእሷ ሥራ ሆነ።

የሆቴሉ የጥገና ሠራተኛ ረዳኢ ይባላል፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ዝምተኛ የመቀሌ ልጅ። እሱ ክፍል ለክፍል እየዞረ ጠቋሚዎቹ ላይ መሞከሪያ ጭስ ይነፋል። እሷ እንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሳጥኑ ፊት ተቀምጣ የሚመጣውን ቁጥር በስልክ ታነብለታለች።

«አራት መቶ ሁለት።»

«እወ፣ ልክ ነው ኢንጂነር።»

«አራት መቶ ሦስትስ? ምነው ዝም አለ?»

«ገና አልነፋሁም። ድምፅሽን እየሰማሁ ነበር።»

ናፍቆት ላፕቶፑ ላይ የአራት መቶ ሦስትን ስም ሁለት ጊዜ አሳስታ ጻፈችው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የፈራችው ቀን ደረሰ። የኃይል መስጫውን ለመቀየር እጇን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት የሚያልፍበት ቦታ ማስገባት አለባት። ብሬከሩ ደግሞ ታች፣ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ነው። ወርዳ ኃይሉ እንዲቋረጥ ብሬከሩን አወረደችው። ማንም እንዳይመልሰው የሚቆለፍበት ጓጉንቸር ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል አብሯት የወረደው ረዳኢ አያት።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርድ ነው።»

«አይዞሽ። እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ። እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም።»

እንዲህ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ጓጉንቸሩን ቦርሳዋ ውስጥ ተወችው።

ላይ ወጥታ በቴስተር ለካች፤ ምንም የለም። አሮጌውን ፈታች፣ አዲሱን አሰረች። የመጨረሻውን ሽቦ ልታጠብቅ ጣቷን አስገባች።

ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ጩኸት ነው፤ የራሷ መሆኑን አላወቀችም። የሆነ ነገር ክንዷን ጨምድዶ ያዘ፣ ደረቷን ጨበጠ፣ ከዚያም ግድግዳው ላይ ወረወራት።

«ናፍቆት! ወይ ኣነ! ናፍቆት፣ ተናገሪ!»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። ቀና ስትል ሸሚዙ ላይ ማኪያቶ ተደፍቶበታል።

«የት ነበርክ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን አልዋሸም። «ጠዋት ምንም አልቀመሰችም ብዬ... ማዶ ካለው ካፌ ላመጣልሽ ወጣሁ። አምስት ደቂቃ አይሞላም።»

የወጥ ቤቷ ሠራተኛ የኔአለም በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በዚያው መስመር የሚሠራው ፍሪጅ ቢጠፋባት ወርዳ ብሬከሩን ያነሳችው እሷ ናት።

«አላወቅኩም እኮ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

«አይደለሽም» አለ ረዳኢ። «ቦታዬን የለቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«ውጣ» አለችው ናፍቆት።

ሐኪሙ ልቧን መርምሮ ደህና ነሽ አላት። ጣቷ ላይ ምስር የምታክል ቃጠሎ ብቻ ቀረች። ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ግን ሁለት ቀን ሙሉ ማብሪያውን እንኳ በእጇ መንካት አቃታት፤ በክርኗ ነበር የምትጫነው። እናቷ ስልክ ደውለው «ይቅርብሽ ልጄ፣ ነይ» አሏት። ልትሄድም ነበር። ነገር ግን ሳጥኑ ተከፍቶ ቀርቷል። በአምስቱም ፎቅ ሰው ይተኛል፤ እሳት ቢነሳ የሚጮህ የለም። ይህኛው ፍርሃት ከኤሌክትሪኩ ይበልጥ አላስቀምጥ አላት።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሆቴሉ ተመለሰች። የኔአለም በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ረዳኢ አልተኛም» አለቻት በሹክሹክታ። «ማንቂያው የለም ብሎ ሁለቱንም ቀን በየፎቁ እየዞረ ጭስ ሲያሸት ነው የሰነበተው።»

ናፍቆት ወርዳ ብሬከሩን አወረደች፤ በጓጉንቸሩ ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ላይ ወጥታ ለካች፤ ዜሮ። ደግማ ለካች፤ ዜሮ። ቴስተሩን ዓይኗ አመነው፣ እጇ ግን አላመነም። ሦስት ጊዜ ዘረጋችው፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

ከብሬከሩ ጀምሮ ተከትሏት ኋላዋ ቆሞ የነበረው ረዳኢ ቀረብ አለ። እጁን ወደ ሽቦው ዘረጋ።

«ተው!» ብላ ጮኸች።

ጣቱ እርቃኑን ባለው ሽቦ ላይ አረፈ። ከንፈሩ ደርቋል፤ እሱም ፈርቷል። ግን ምንም አልሆነም።

«አብደሃል? ብትሞትስ?»

«ለክተሽዋል። ቁልፉም ኪስሽ ውስጥ ነው። እኔ ባልታመንም አንቺ ትታመኛለሽ።»

ናፍቆት እንባዋ መጣ። ጣቱን ሳያነሳ፣ የእሷን አጠገቡ አስገባች። እጁ እንደ በረዶ ነበር። በሌላው እጇ ካቻቢቴውን ይዛ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀችው።

ኃይል ሲሰጠው አረንጓዴው መብራት በራ። የማንቂያውን መሞከሪያ ስትጫን አምስቱም ፎቅ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ደንግጣ ክንዱን ያዘች። ጩኸቱ ቆመ። እሷ አልለቀቀችም።

ሥራውን ጨርሳ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ስትመለስ ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛት። መግቢያው ላይ ሲደርሱ «ቦታዬን ባልለቅ ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። እሷ አላስጨረሰችውም፤ ሻንጣዋን ተቀብላው ገባች።

አራት ወር በየቀኑ ተደዋወሉ። በመጋቢት ድርጅቷ የመቀሌ ሥራዎቹን የሚከታተል ሰው ሲፈልግ ናፍቆት እጇን አወጣች። እናቷ አለቀሱ። እሷም አውሮፕላኑ ላይ ሆና ምን እያደረግኩ ነው እያለች እየፈራች መጣች።

ረዳኢ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። በበሩ ወጥታ አጠገቡ ስትደርስ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ይቅር ብለሽኝ ነው የመጣሽ?»

«ገና ነኝ» አለችው፤ ሻንጣዋንም አቀበለችው። «እዚሁ እየኖርኩ ይቅር ልበልህ ብዬ ነው።»