የዋጋ ወረቀቱ ያልተበጠሰ ካፖርት

ሰብሪያን ዓርብ ጠዋት በረዶ ላይ ወድቃ፣ ሞታ ያገኟት ጎረቤቶቿ ናቸው። ስዊድን ውስጥ ዩልስታ በሚባል ሰፈር ካለው የአራተኛ ፎቅ ቤቷ በረንዳ ሥር ነበረች፤ አዲስ ካፖርት ለብሳለች። ጠረጴዛዋ ላይ የተከፈተ የኢንካሶ ደብዳቤ ተገኘ፤ ዕዳ አስከፋዮች በአንድ ልብስ ሱቅ የዱቤ ካርድ የተከማቸውን ዕዳ እንድትከፍል ያስጠነቀቁበት ነው። ፖሊሶቹ አዲሱን ካፖርትና ደብዳቤውን አንድ ላይ አዩና «ዕዳ አስጨንቋት ራሷን ጣለች» ወደሚለው አዘነበሉ። መቼም ድሀ ሲሞት ምክንያት ቶሎ ይገኝለታል።

መርማሪ ዲቦራ ወልደማርያም ግን ደብዳቤውን ትታ ካፖርቱን አገላበጠች። የዋጋ ወረቀቱ አልተበጠሰም፤ እጅጌው ውስጥ ተሸጉጧል። ላዩ ላይ «የካርድ ደንበኞች ምሽት» ይላል። ካርዱ ራሱ ግን ከሰብሪያ ቦርሳ ውስጥ የለም።

ሰብሪያ በሯን ማታ የምትከፍተው ለሦስት ሰዎች ብቻ ነበር፤ ለልጇ ለሩሚሳ፣ ለታላቅ ወንድሟ ለጃፋርና ለልብ ጓደኛዋ ለአሪፋ። አሪፋ ልብስ ከቤት ቤት እያዞረች ትነግዳለች። ዲቦራ ሰብሪያ ቤት ስትገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ሩሚሳን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ሩሚሳ በስዊድንኛ። «በካርዷ ሁለት ሱሪ ገዝቻለሁ።»

«ተዪ ልጄ» አለች አሪፋ ጀርባዋን እየዳሰሰች። «ባልገዛ ኖሮ እያልሽ ራስሽን አትጉጂ። የሆነው ሆኗል።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ይብስ ተንሰቀሰቀች። እናትን ማጣት ሳያንስ ገዳይዋ እኔ ነኝ ብሎ ማመን ለየትኛውም ልጅ ይከብዳል። ዲቦራ የዚህን ሸክም እውነት ሳታውቅ መዝገቡን ላለመዝጋት ወሰነች።

ጃፋርን ወጥ ቤት ውስጥ አነጋገረችው።

«ካርዱን ስታወጣ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ ጃፋር?»

«ወለድ ሐራም ነው፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ አልኳት። ‹በወሩ ከከፈልኩ ወለድ የለውም፤ ቅናሹ ለልጄ ይተርፋል› አለችኝ። ደግሞም ትከፍል ነበር። ይህ ሁሉ ዕዳ ከየት እንደመጣ አላውቅም።»

ቀጥላ አሪፋን ጠራቻት።

«እርስዎስ ካርዱን ያውቁታል፣ እትዬ አሪፋ?»

«ስታወራ ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም።»

«ጥሩ ነገር ነው እንዴ?»

«ላወቀበት ጥሩ ነው። ቅናሽ አለው፤ ነጥብ ይጠራቀምልሻል። ወሩን ካሳለፍሽ ግን ወለዱ በላይ በላዩ ነው። ስምሽ አንዴ ከተበላሸ ቤት የሚያከራይሽ የለም፤ ካርድ የሚሰጥሽም የለም። እኔ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።»

«የደንበኞች ምሽት የሚባልም አለው አሉ።»

«እሱማ ካርድ ለሌለው አይሆንም። በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ ካልያዝሽ ይመልሱሻል።»

ዲቦራ አመስግናት ወጣችና ወደ ሱቁ ደወለች።

እሑድ ለቅሶ ደራሾቹ ሲሄዱ ሦስቱን ሳሎን አስቀመጠቻቸው። አሪፋ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ከሩሚሳ ጎን ናት።

«ሰብሪያ ራሷን አልጣለችም» አለች ዲቦራ። «ይህ ካፖርት የተሸጠው ሐሙስ ማታ ለካርድ ደንበኞች ብቻ በተከፈተው ምሽት ነው። በዚያ ሰዓት ሰብሪያ ሶልና በሚባለው ሰፈር ሥራ ላይ ነበረች። ስለዚህ በእሷ ካርድ ገዝቶ ያመጣላት ሌላ ሰው ነው። ጋሼ ጃፋር ሌሊቱን ዮርድብሩ መጋዘን እንደሠሩ ባልደረቦቻቸው መስክረዋል። ሩሚሳ ከቀትር ጀምራ እስከ ጠዋት ጓደኛዋ ቤት ነበረች፤ ቤተሰቡ በሙሉ አይቷታል።»

ጃፋር ቀስ ብሎ ወደ አሪፋ ዞረ።

«እትዬ አሪፋ፣ ሱቁ እንዲህ ያለ ምሽት ሲያዘጋጅ የሐሙሱ የመጀመሪያው ነው። በሩ ላይ ካርድ እንደሚታይ የነገሩኝ ግን እርስዎ ነዎት፤ ካርድ የሚሰጠኝ የለም እያሉ እዚያ በማን ካርድ ገቡ? ወረቀቱንም ያልበጠሱት ካልወደደችው ሊመልሱት ይመስለኛል። ካርዱ አሁንም ከእርስዎ ጋር አይደለም?»

የአሪፋ እጅ ሳታስበው ቦርሳዋን ጨበጠ። ሁሉም አዩት።

«ለንግዴ ነበር የምወስድበት» አለች። «ካርዱን አምና አዋሰችኝ። ሸጬ በወሩ እከፍላለሁ ብዬ ነበር፤ የወሰዱት ሴቶች አልከፈሉኝም። ደብዳቤው ሲመጣባት ልታረቃት ካፖርቱን ይዤ ሄድኩ። በእጄ አለበስኳት። ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ‹በምን ገዛሽው?› አለችኝ። መልስ ሳፈላልግ በራሷው ካርድ መሆኑ ገባት። ለጃፋር እደውላለሁ ብላ በረንዳ ወጣች። ስልኩን ልነጥቃት ታገልኳት፤ ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም፣ ወላሂ።»

ጃፋር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

«ሱቁን ስለ አንቺም ጠይቄ ነበር» አለች ዲቦራ ለሩሚሳ። «የሱሪዎቹን ዋጋ እናትሽ ካርዱን ከማዋሷ በፊት፣ በገዛሽበት ወር ከፍላለች። ዕዳው ውስጥ የአንቺ የሆነ ምንም የለም።»

ሩሚሳ ቀና ብላ አሪፋን አየቻት። እነዚህን ቀናት ሁሉ ያለቀሰችው በእሷ ደረት ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት ስል እያወቁ ለምን ዝም አሉኝ?»

አሪፋ ምንጣፉን እያየች መለሰችላት።

«ልጅ ነሽ፤ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ሩሚሳ ከአጠገቧ ተነሣች።