አሸዋ የጠጣችው የመዳብ ቧንቧ

ፌንጣ አሥር ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር፤ ግን አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ይላታል። እናንተም መሃል ፌንጣ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለአሁኑ ግን እግራችሁን ሰብስባችሁ ስሙኝ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን የስፌት መኪናዋ ሞተር ጭስ ትፍ አለና ቀጥ አለ። ቤቱ ጭንቅ ውስጥ ገባ። አባቷ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንድ አሮጌ ሕንፃ ሲያድስ፣ ባለቤቱ የወለቀውን የመዳብ ቧንቧ «ውሰደው፣ ላንተ ይሁን» ብሎ ሰጠው። አባቷ በጋሪ ጭኖ አመጣው።

«ይሄን ሸጠን ለእናትሽ ሞተር እንገዛለን» አላት።

«ዛሬ?»

«ቅዳሜ። መጀመሪያ ይጽዳ። ቀለምና ብየዳ ያለበት መዳብ ዋጋው ይወርዳል። የጠራ መዳብ ግን ጥሩ ያወጣል።»

ፌንጣ ከመሬት ተነሥታ ዘለለች! ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ፈተገች፣ ፈተገች፣ አሁንም ፈተገች። አረንጓዴው ዝገት ሲለቅ ከሥሩ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ መዳብ ብቅ አለ።

«እማዬ! ነይ እዪ! ፊቴ ይታየኛል!»

እናቷ መጥታ አየች። «ለኔ የሚታየኝ የጠቆረ አፍንጫ ነው» ብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት።

አባቷ ቧንቧውን በሞርሳ፣ በብረት መንከሻው፣ እያሰረ፣ ብየዳ ያለበትን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ ለብቻ ይጥላል። የተጣለው ክምር እያደገ ሄደ። ፌንጣ ከፋት። «ይሄ ሁሉ ሲቀነስ ለሞተሩ ባይበቃስ?» አለች በልቧ።

ዓርብ ከሰዓት አባቷ ሥራ ሄደ። ግቢው ጥግ ላይ፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት ቦታ፣ የአሸዋ ክምር ነበር። ልጆች፣ ሐሳቡ የመጣላት ያኔ ነው። «ቧንቧ ውስጡ ባዶ ነው። ትንሽ አሸዋ ቢገባበት ማን ያያል? ደግሞ ለእማዬ ነው እንጂ ለኔ አይደል!»

አያችሁ? ክፉ ሐሳብ አንዳንዴ ደግ መስሎ ነው የሚመጣው።

አንዷን ቧንቧ በእርጥብ አሸዋ ጠቅጥቃ ሞላች። ሁለቱን ጫፎች በመዶሻ ደፍጥጣ ዘጋች። ወልውላ አብለጭልጭ አደረገቻትና ለሽያጭ በታሰሩት ቧንቧዎች መሃል ሸጎጠቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መዳብ ገዢው ሄዱ። ሰዉ ጋሼ ሚዛን ይለዋል። መዳብ ይገዛል፣ እዚያው ግቢው ውስጥ አቅልጦ የበር እጀታ ይሠራበታል።

«እስሩን ልፍታልህ?» አለው አባቷ።

«ስንት ዓመት የማውቅህን ሰውዬ! ያንተ ዕቃ አይፈተሽም» አለና ሚዛን ላይ አወጣው። «አቤት ጽዳት! ሙሽራ አስመስላችሁታል እኮ!»

«ልጄ ናት ያጸዳችው» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ።

ፌንጣ ጫማዋን አየች።

«እንኳን ደረሳችሁ፣ እቶኑ ግሏል። ይሄ በቀጥታ ይገባል። ነይ ፌንጣ፣ ራቅ ብለሽ እዪ!» አለ ጋሼ ሚዛን።

እቶኑ ያጓራል! የጋሼ ሚዛን ትልቁ ልጅ የቆዳ ጓንት አድርጎ፣ ቧንቧውን አንድ በአንድ በጉጠት እየያዘ ይከታል። የቀለጠው መዳብ ብርቱካናማ ሆኖ ይንተከተካል። ፌንጣ አሸዋውን ረሳችው።

«እኔም አንዷን ልክተት?»

«በጭራሽ!» አላት ወጣቱ። «አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። ጓደኛዬ ዓይኑን ያጣው እርጥብ ብረት ከትቶ ነው።»

እርጥብ! ፌንጣ አሸዋዋን አስታወሰች። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ሌላ ቧንቧ አነሣ። ጫፎቿ የተደፈጠጡ ናቸው።

«ይቺስ ከበድ ትላለች» ብሎ ወደ እቶኑ ዞረ።

ብትናገር አባቷ ያፍርባታል። ሞተሩም ይቀራል። ዝም ብትልስ? ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረም።

«አቁም! አትክተታት! ውሃ አለባት! እኔ ነኝ የሞላኋት!»

ወጣቱ ክው ብሎ ቆመ። ጉጠቱ እቶኑ አፍ ሊደርስ አንድ ክንድ ነበር የቀረው።

ጋሼ ሚዛን ቧንቧዋን በመጋዝ ቆረጣት። እርጥቡ አሸዋ መሬት ላይ ዝርግፍ አለ።

«አባዬ፣ እንዲከብድ ብዬ ነው» አለች ፌንጣ፣ እንባዋ እየወረደ። «ጋሼ፣ አታለልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

አባቷ ተንበርክኮ ትከሻዋን ያዘ። «ሞተር ዛሬ ባይሆን ነገ ይገዛል። የሰው ዓይን ግን ከየት ይገዛል፣ ልጄ?»

ወጣቱ ጓንቱን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ከዚያ እጇን ጨበጣት። «ስለጮኽሽ ተርፌያለሁ» አላት።

ጋሼ ሚዛን አሸዋ ያለባትን ቧንቧ ክብደት ቀንሶ የቀረውን በጠራ መዳብ ዋጋ ከፈለ። ግን ወደ አባቷ ዞር ብሎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተንም ዕቃ ፈትሼ ነው የምቀበለው» አለው። አባቷ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልክ ነህ» አለ። ፌንጣን ከቁጣ ሁሉ በላይ ያመማት ይሄ ነው።

ብሩ ለሞተሩ አልበቃም። ቤት እንደገቡ ፌንጣ ራሷ ለእናቷ ነገረቻት። ከዚያም «እግዚአብሔር ሆይ፣ የጋሼ ሚዛንን ልጅ ስላተረፍክልኝ አመሰግንሃለሁ፤ እኔንም ይቅር በለኝ» ብላ ጸለየች።

ቀጥሎ ባሉት ቅዳሜዎች አባቷ ከሥራው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ እያመጣ አብረው አጸዱ። ጋሼ ሚዛን እያንዳንዱን ቧንቧ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ፌንጣም አጠገቡ ቆማ፣ «ይቺንም ይዩልኝ ጋሼ! ይቺኛዋንም!» ትላለች። በአራተኛው ቅዳሜ ሞተሩ ተገዛ። መኪናዋ ጠርርር ስትል ፌንጣ ጣሪያ ልትነካ ምንም አልቀራትም!

ልጆቼ፣ ለምንወደው ሰው ብለን እንኳ ማታለል የለብንም፤ ከተሳሳትን ግን ሳይረፍድ እውነቱን እንናገር።