የአሮጌው አድራሻ ገዢ

ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ላውንደሪው ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ጎደለበት።

የካውያው ፉጨት።

እትዬ ሁልጊዜ እየተኮሰች ነበር የምትቀበለው። አሁን ባንኮኒው ባዶ ነው። ካውያው በቂጡ ቆሟል፤ ቀዝቅዟል። የደንበኛ ወንበር ላይ አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። በምርጫው የምትወዳደረው እጩ ቃል አቀባይ ነው። በቴሌቪዥን የማያውቀው የለም።

የተማረውን የምስጢር ምልክት ተናገረ።

«ቁልፉ ላልቷል፤ ይጠበቅልኝ ብዬ ነው።»

«በጥቁር ክር ነው በነጭ?»

«ባለሙያው እንዳለ።»

ምልክቱ ልክ ነበር። ልቡ ግን አልረጋም።

«እትዬስ?»

«ሰው ሲከተላት አይታ ቤቷ ገብታለች። የያዝከውን ለእኔ እንድትሰጥ ብላለች። አይዞህ፣ ሙሽራው።»

ሙሽራው የምስጢር ስሙ ነው። ስሙን ያወጣችለት እትዬ ናት፤ መጀመሪያ ቀን ያቺን አንዲት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ሲመጣ «ሙሽሪትን የት ጥለሃት ነው?» ብላ ስቃበት። እትዬ ላዩን ልብስ አጣቢ ናት። ውስጡን ግን በኢንተርኔት የሚነዛ የሐሰት ወሬ እየተከታተለ የሚያርም ትንሽ ቡድን ትመራለች። እሱንም ወሬው ወደሚፈበረክበት ቢሮ ሠራተኛ አስመስላ ያስገባችው እሷ ናት።

የቢሮው አለቃ ጋሼ ይባላል። ጋሼ ያላየውን አያምንም። ማንኛውም ሠራተኛ የታዘዘውን ሲጨርስ ራሱን በቪዲዮ ይቀርጻል፤ ፊቱን፣ እጁን፣ ስክሪኑን፣ ከነድምፁ። ቪዲዮው ለጋሼ ይላካል። ከሠራተኛው ስልክ ላይ እዚያው ይጠፋል።

ነገሩ የተጀመረው እጩዋ በቴሌቪዥን ቀርባ ንግግር ስታደርግ ነው። ወደ ማብቂያዋ ስትቃረብ የድረ ገጿን አድራሻ ተናገረች። ተሳሳተች። የተናገረችው ካለፈው ምርጫ የተረፈውን፣ ሳይታደስ ቀርቶ ባለቤት ያጣውን አሮጌ አድራሻ ነበር። ጋሼ ከወንበሩ ተፈናጠረ።

«አንተ ዝምተኛው! ግዛው! ሌላ ሰው ሳይቀድመን ግዛው!»

ገዛው። እንቢ ቢል ማንነቱ ይታወቅበታል። እንደ ደንቡም ተቀረጸ። ከጀርባው ቴሌቪዥኑ ውስጥ እጩዋ ገና እየተናገረች ነበር።

ወዲያው አድራሻው ላይ የእሷን ገጽ የሚመስል ገጽ ቆመ። ገጹ ለምዝገባ ብሎ ሲጠይቅ ሰዉ አምኖ የመታወቂያውን ፎቶ ላከ። ከዚያ ወሬው ተለቀቀ፦ አድራሻው የራሷ የእጩዋ ነው፤ መታወቂያችሁን ለሌባ እየቸረቸረች ነው፤ ሥራውን የምትሠራላት ድረ ገጿን የምትይዘው ልጅ ናት።

ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም። ከአልጋ የማይነሳ አባቷን ይዛ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ውስጥ ትኖራለች። የበሩ ፎቶ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከነመንገዱ ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋል። ሰዉ ከአሁኑ «ቤቷን አሳዩንና እናንድደው» እያለ ነው። ቤቷን ቀድመው ያገኙ ሰዎችም አሉ፤ ድንጋይ ወርውረዋል።

እሷን የሚያድናት ያ ቪዲዮ ብቻ ነው። ሙሽራው ከመጥፋቱ በፊት ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ገልብጦ ይዞት ወጥቷል።

ቃል አቀባዩ እጁን ዘረጋ። «በል ወዲህ በል። ጊዜ የለንም።»

«እሺ።»

«ሌላ ቅጂ አለህ?»

ሙሽራው ደነገጠ። አንድን ነገር ለዓለም ሊያሳይ የመጣ ሰው ቅጂው ቢበዛ ምን ቸገረው?

ዱም።

ድምፁ ከጓዳ ነው። ዱም። ዱም።

«ማጠቢያው ነው» አለ ቃል አቀባዩ፣ ፈገግ ብሎ።

ማጠቢያዎቹ ከባንኮኒው ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። የአንዱም መብራት አልበራም።

ደጅ ላይ ሞተር ሳይክል ቆመ። በመስታወቱ አሻግሮ አየ። የቢሮው በረኛ ነው፤ ከኋላው ሌላ ሰው አፈናጧል።

ካፖርቱን ጨመደደው።

«ቅጂ የለኝም» አለ። እውነቱን ነው። «ኮሌታው ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ቀስ ብለህ ተርትረው፣ እንዳይሰበር።»

ወረወረለት። ቃል አቀባዩ ሁለት እጁን ኮሌታው ውስጥ ከተተ።

ሚሞሪው ከእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ ሥር ነበር።

ባንኮኒውን ዘለለ። የጓዳው በር እጀታ ላይ የመጥረጊያ እንጨት ተሰክቷል። መዘዘው። እትዬ አፏና እጇ በፎጣ እንደታሰሩ በላዩ ላይ ወደቀች። ፎጣዎቹን ጎትቶ ፈታላት።

«በጓሮ!» አለች።

«ባዶ ነው! ያዙት!» ከኋላ ቃል አቀባዩ ጮኸ።

ጓሮው ሙሉ አንሶላ ተሰጥቷል። ነጭ፣ ነጭ፣ ሌላ ነጭ። እርጥቡ ፊቱን እየመታው ሮጠ። የማን እግር የማን እንደሆነ አይለይም። ከአንሶላ ማዶ የሰው ጥላ አለፈ። ትንፋሹን ዋጠ።

እጅ ወጣ።

የኮቱን ጀርባ ጨበጠው። ሙሽራው ሁለት ክንዱን ወደ ኋላ ለቀቀና ከኮቱ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ያቺ የሙሽራ ኮት በረኛው እጅ ላይ ቀረች።

ከጓሮው ማዶ ያለው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከቆሙት መኪኖች መሃል ተንበረከኩ። እትዬ ጫማዋን አውልቃ ከካልሲዋ ስልክ አወጣች።

«አንዱን ነጠቀኝ። ይቺን ግን አላገኛትም፤ እግሬን ንቆት።»

«ምልክታችንን ከየት አመጣው?»

«እኔው ነኛ የነገርኩት! የእጩዋ ሰው ነው፣ ይርዳን ብዬ። አይኔን ያውጣው!»

«ለምን ግን?»

«ንግግሩን የጻፈላት እሱ ነው። ያለፈውን ምርጫ መዝጊያ እንዳለ ገልብጦ ሲለጥፍ አሮጌው አድራሻ አብሮ መጣ። ሳያሳድስ የጣለውም እሱ። እውነቱ ከወጣ ወንበሩ ሄደ፤ ለጋሼ ሲደውል ጓዳ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁት። ልጅቷ ብትነድለት ይሻለዋል።»

ሚሞሪውን ከተተች። የሙሽራው ፊት ስክሪኑን ሞላው። «አድራሻውን ገዝቻለሁ፣ ጋሼ» ይላል። ከትከሻው በላይ እጩዋ ትናገራለች።

እትዬ ቪዲዮውን አቆመችው።

«ፊትህን ላደብዝዘው።»

«ካደበዘዝሽው የተቀነባበረ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው የእኛ ሰው ነው ብዬ ልጻፍ።»

«እሱ ይባስ። ራሳቸው ገዝተው ራሳቸው ደረሱበት ይባላል። ጋሼ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።»

«እናትህ ታይሃለች እኮ፣ ልጄ።»

የሞተሩ ድምፅ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። መብራቱ ግድግዳውን እየላሰ መጣ።

«እንዳለ ልቀቂው» አለ።

ጻፈች፦ እጩዋ ተሳስታለች፤ የተናገረችው አሮጌ አድራሻዋን ነው፤ አድራሻው የተገዛው ስህተቱን ከተናገረች በኋላ ነው፤ ገዢው ይኸውላችሁ፤ ልጅቷ የለችበትም።

ለቀቀችው።

ሞተሩ በመኪኖቹ መሃል ብዙ ሲዞር ቆይቶ እነሱ ያሉበት መኪና ጎን ቆመ። የበረኛውን ጫማ በመኪናው ሥር አሻግሮ ያያል። ኮቱ ከእጁ ተንጠልጥሎ መሬቱን ይጠርጋል።

ስልክ ጮኸ።

ሙሽራው ዓይኑን ጨፈነ።

«አቤት ጋሼ… ምን? እኛ ቢሮ? የማን ቪዲዮ?» በረኛው ወዲያው ዞረ። «ተፈናጠጥ! ፖሊስ ሳይደርስ ስልኮቹን እናሽሽ ነው የሚለው።»

ድምፁ ርቆ ጠፋ።

እትዬ ስትሮጥ ከገመድ የመነጨቀችውን የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሹራብ ሰጠችው።

«ከእንግዲህ አላውቅህም» አለች። ዓይኗ ግን ሞላ።

«እኔም አላውቅሽም፣ እትዬ።»

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የራሱን ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ ሰማው። አድራሻውን ገዝቻለሁ፣ ጋሼ። አድራሻውን ገዝቻለሁ።

«ይኼን ከይሲ እዩት! ዓይኑን እንኳ አይሰብርም!»

«ምስኪን ልጅ ሊያስፈጁ። በሯ ላይ የነበረው ሰው ተበተነ አሉ፤ ይቅርታ የጠየቁም አሉ።»

«እሰይ! እሱን ነበር ማግኘት።»

ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ስልካቸውን አስጠጉለት።

«አየኸው አንተ?»

አፉን ከከፈተ ድምፁ ይታወቃል። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። እማዬ። ካላነሳ እንደማትተወው ያውቃል። አፉን በሹራቡ ከልሎ አነሳው።

«አንተ ልጅ፣ ጎረቤቴ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቁርጥ አንተን! ልብሱ ራሱ እኔ ያሰፋሁልህ ሙሉ ልብስ።»

«ሰው ይመሳሰላል» አለ በሹክሹክታ።

«አልሰማህም፣ ጮክ በል።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩት።

«ሰው… ይመሳሰላል፣ እማዬ።»

«እኔስ ምን አልኩ? ልጄ እንዲህ አያደርግም አልኩ። ልጁን ግን ሰድቤዋለሁ። አሳዳጊ የበደለው፣ አልኩት።»

ሹራቡን ወደ አፉ ይበልጥ ሳበ።

«ደግ አደረግሽ።»

ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ለማንኛውም ስትመጣ ልብሱን ለብሰኸው ና። ልየው።»

«እሺ።»

አውቶቡሱ ቆመ። መውረጃው አልነበረም። ወረደ። ከሥራ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ በሰው ሹራብ ሆኖ መሃላቸው ገባ።