ወደ ሸንተረሩ በእርጅና እግር

የወንዙ ጭጋግ ገና ከቤቶቹ ጣራ ላይ ሳይነሳ ሦስቱ መንገደኞች የከተማይቱን የመጨረሻ አጥር አልፈው ጫካው ውስጥ ገቡ። ፊት ፊት የሚሄደው ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ አገር የሚያውቀው «ማርሽ» ብሎ ነው። ከኋላው ጎረቤቱ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ በሌላው ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ትከተለዋለች። መጨረሻ ላይ ያለችው የእህቱ ልጅ ናት፤ የከተማዋ የአደጋ መከላከል ሠራተኛ።

ጉዞውን ያመጣችው እሷ ናት። ወንዙ የሞላ እንደሆነ ሕዝቡ በዚህ የጫካ መንገድ ወጥቶ ሸንተረሩ ላይ ባለው ትምህርት ቤት እንዲጠለል ዕቅድ አውጥታ ነበር። ለልምምድ ሳይረን ሲነፋ ጎረምሳው ሁሉ እየሳቀ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ ግን አንድም አልመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር፤ እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። የምታውቃቸው ሽማግሌዎች ዘንድ ቤት ለቤት ዞራ ለምን እንደቀሩ ጠየቀች። አንዱ ጉልበቴ አለ፣ ሌላዋ ቤቴን ለማን ጥዬ አለች። አጎቷ ማርሽ፣ ወንዝ ሳይሞላ በጩኸት የሚሮጥ ፈሪ ነው ብሎ ዘጋት። አዋላጇ ግን መልሳ ጠየቀቻት።

«ለመሆኑ ልጄ፣ መንገዱን ከእኛ ዕድሜ ሰው ጋር ሄደሽበት ታውቂያለሽ?»

አልሄደችበትም። እነሆ አሁን ልትሄድ ነው።

ማርሽ አብሮ የመጣው ለእህቱ ልጅ ብሎ እንደሆነ ተናግሯል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሰውነቱ ውስጥ ምን ያህል አቅም እንደቀረ ሊያየው ጓጉቶ ነበር።

መጀመሪያ መንገዱ ሳቀላቸው። መሬቱ ለስላሳ፣ ዳገቱ ገር ነበር፤ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ አጀቧቸው። የእህቱ ልጅ መጠየቅ አይሰለቻትም። ይህን ሥር ሲሻገሩ የትኛው እግር ይቀድማል? ትንፋሽ የሚያጥረው የት ላይ ነው? አዋላጇ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ ቁም ነገር ይዛ፣ ቆማ አስባ ትመልሳለች። ማርሽ ላቡ በጀርባው እየወረደ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላል።

ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቅጠሉን እየበሳ ወረደባቸው፤ መንገዱ ጭቃ ሆነና ከእግራቸው ስር ይንሸራተት ጀመር። ጅረቱ ዳር ሲደርሱ መሻገሪያ ድንጋዮቹ ጫፋቸው ብቻ ይታይ ነበር። ማርሽ ገባ፤ ሴቶቹም ተከተሉት። ድሮ መኪናውን ድልድይ ላይ ከማውጣቱ በፊት እንደሚያደርገው እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሩ እየሞከረ ተራመደ። መሐል ላይ ውሃው ከጉልበት በላይ ዘለለ፤ የአዋላጇን ምርኩዝ ነጥቆ ወሰደ። እሷም ዘመመች። ማርሽ ክንዷን ለቀም አደረገ፣ የእህቱ ልጅ ከኋላ ወገቧን ያዘች፤ ሦስቱም እንደ አንድ ሰው ተጣብቀው ወዲያ ማዶ ወጡ። ዞረው ሲያዩ ድንጋዮቹ የሉም።

«መመለስ ቀረ» አለች የእህቱ ልጅ፣ ፊቷ ነጥቶ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ» አለች አዋላጇ፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። እዚህ ጋ የሚያዝ ገመድ፣ በየዳገቱም ቁጭ የሚባልበት ነገር እንደሚያስፈልግ ተናገረች። ሰው ማረፊያውን ከሩቅ ሲያይ ጉልበቱ ይመለሳል አለች።

ማርሽ መቀመጥ አልፈለገም። ፊት ፊት ቀጠለ። ቁጥቋጦው በግራው በኩል ተንኮሻኮሸ፤ ከባድ ማጓራት ተሰማ። ሴቶቹ ጮኹ። እሱ ግን ፊቱን እንኳ ሳያዞር ይራመዳል። ግልገሎቿን ያስከተለች ከርከሮ ጥርሷን አሹላ ስትወረወር አዋላጇ እንዴት እንደደረሰች ራሷም አታውቅም፤ ጃንጥላውን በአውሬዋ አፍንጫ ላይ ዷ አድርጋ ዘረጋችው። ከርከሮዋ በድንገት በበቀለባት ጥቁር ግድግዳ ደንግጣ ተጠማዘዘች፤ ግልገሎቿን ይዛ ጫካው ውስጥ ሰመጠች።

ማርሽ የዞረው ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጩኸት አልሰሙም?» አለች የእህቱ ልጅ።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ሸንተረሩ በዛፎቹ መሐል ብቅ ሲል መንገዱ ተቆረጠ። ትልልቅ ግንዶች ሆን ተብሎ ተጋድመውበታል። ከግንዶቹ ጀርባ መጥረቢያና መጋዝ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ ያለ ፈቃድ ዛፍ የሚቆርጡ ናቸው። አለቃቸው፣ ትከሻው በር የሚያክል ጎልማሳ፣ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ቸከለ።

«ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም። ተመለሱ።»

የእህቱ ልጅ ጅረቱ ከኋላቸው እንደዘጋባቸው ነገረችው። አልተንቀሳቀሰም። አዋላጇ ወደ ፊት ወጣ ብላ ይህን ግንባር እንደምታውቀው፣ ያዋለደችውም እሷ እንደሆነች በሙሉ ልብ ተናገረች። ሰውየው ሳቁ መጣበት።

«ተሳስተዋል እማማ። እኔ የተወለድኩት ከዚህ ሩቅ ነው። እናቴን ይዤ የመጣሁት ከጎለመስኩ በኋላ ነው።»

«መሞከር አይከፋም» አለች አዋላጇ።

የእህቱ ልጅ ግን አንዷን ቃል ይዛ ቀረች። ከፍርሃቷ የማወቅ ጉጉቷ በለጠ።

«እናትህ አሁን የት ናቸው?»

«ታች፣ ወንዙ ዳር።»

«ሳይረን ሲነፋ ማን ያወጣቸዋል?»

አለቃው መጥረቢያውን አየ፤ ጓደኞቹን አየ። እናቱ በእግራቸው መሄድ ካቃታቸው ዓመታት እንዳለፉ፣ ከአልጋ የሚያወርዳቸው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ግን እዚህ እንደሚውል ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እኔ ዕቅድ ሳወጣ እሳቸው መኖራቸውን አላውቅም ነበር» አለችው። «ግንዱን በምን ታወርዳላችሁ?»

በእጁ አሳየ። ከዛፎቹ ጀርባ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል። ከሱ የሚነሳ፣ በየትኛውም ካርታዋ ላይ የሌለ ጥርጊያ በሸንተረሩ ላይ ይጠመዘዝና በሌላኛው ወገን እስከ ከተማው ይወርዳል። እሷ ሰውን በእግር ስታለፋ መኪና ያለ ችግር ይመላለስ ኖሯል። ዓይኗ ሲበራ ማርሽ አየ።

አለቃው ግንዶቹን አስነሳ። የሽማግሌውን ቅጽል ስም ሲሰማም ተገረመ፤ ዝናውን ከሾፌሮች አፍ ሰምቷል። ቁልፉን አውጥቶ በአክብሮት ዘረጋለት።

የማርሽ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። መዳፉ የመሪውን ሙቀት ናፍቆ አሳከከው። ግማሽ መንገድ ላይ ግን እጁ ቆመ።

«አልነዳም» አለ። «ግራ ጆሮዬ ከሞተ ቆየ። ቀኙም እየተከተለው ነው።»

የእህቱ ልጅ ክንዱን ያዘች።

«ያኔ ሳይረኑ ሲነፋስ?»

«በረንዳዬ ላይ ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። ሰው ሲሮጥ አየሁ እንጂ ምንም አልሰማሁም። ደንቆረ ከምባል ናቀ ብባል መረጥኩ።»

አዋላጇ ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋች። «እኔ ደግሞ ደፋር መስለኸኝ ነበር» አለችው። ማርሽም ከልቡ ሳቀ።

ወደ ትምህርት ቤቱ የወጣው አለቃው እየነዳ፣ እሱ ከኋላ የመኪናው የጎን ሳንቃ ላይ ተደግፎ፣ እንደ ዕቃ ተጭኖ ነው። አላፈረም። ከላይ ሆኖ ያንን ሁሉ ጫካ በእግሩ ማቋረጡን ሲያይ፣ አቅሙ ከፈራው እንደሚበልጥ፣ ከፎከረበት ግን እንደሚያንስ ተረዳ።

ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ በእርግጥ ሞላ። በዚያን ዕለት ማርሽ ሳይረኑን አልጠበቀም፤ እንደተነጋገሩት ጎረቤቱ መጥታ በሩን ገፍታ ትከሻውን ነካችው። እሱም በተራው በዱላው በር እየደበደበ፣ የማይሰሙትን በመስኮት በእጁ እየጠራ ወጣ። የት እንደሚተኙ፣ የትኛው ጆሯቸው እንደሚሰማ አንድ በአንድ ጠይቆ አውቆ ነበርና ማንንም አልዘለለም። ጉልበት ያለው የተዘረጋውን ገመድ እየያዘ፣ በየመቀመጫው እያረፈ በጫካው ወጣ። መራመድ የማይችለው በመኪናው ተጫነ።

መጀመሪያ የተጫኑት የአለቃው እናት ናቸው፤ ማርሽና ልጃቸው ከነወንበራቸው አንስተው አወጧቸው። አሮጊቷ ከደጃቸው ከወጡ ዘመን አልፏል። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ዝናብ በፊታቸው ላይ እየወረደ እንደ ሕፃን ግራ ቀኙን ይመለከቱ ነበር፤ ወንዙን፣ ሰማዩን፣ ከዚያም ከጥርጊያው ግራና ቀኝ የተደረደረውን ጉቶ።

«ይህን ሁሉ ዛፍ ማን ነው የጨረሰው?» ብለው ጠየቁ።

ጋቢና ውስጥ ያለው ልጃቸው መሪውን አጥብቆ ይዞ ፊት ፊቱን አየ። አጠገባቸው የተቀመጠው ማርሽ እጁን ግራ ጆሮው ላይ አድርጎ ያልሰማ መሰለ፤ ጥያቄውን ግን በደንብ ሰምቶት ነበር።